ታቹ ሲበርድ ላዩ የሚሞቅበት ተራራ

ክሌመንት ራግ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1881 ከጁን እስከ ኦክቶበር አጋማሽ በየቀኑ ተራራ ይወጣ ነበር። ተራራው በስኮትላንድ የሚገኘው ቤን ኔቪስ ነው፤ በብሪታንያ የሚበልጠው የለም። ራስ ደጀንን ለሚያውቅ ሰው 1,345 ሜትር ኮረብታ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ጉዞው ከባሕር ጠርዝ ይጀምራል፣ ዝናቡና ጭጋጉም ፋታ አይሰጥም። ራግ ጫፉ ላይ ቴርሞሜትሩን ሲያነብ፣ ባለቤቱ ሊዮኖራ ከተራራው ግርጌ ፎርት ዊሊያም ላይ ሆና በተመሳሳይ ሰዓት ታነብ ነበር። በኋላ ለሥራው የወርቅ ሜዳሊያ የተሸለመው እሱ ነው። የሥራው ግማሽ ግን የእሷ ነበር፤ የላዩ ቁጥር ያለ ታቹ ብዙም አይናገርም።

የስኮትላንድ ሜትሮሎጂ ማኅበር ከሕዝብ ባሰባሰበው ገንዘብ ጫፉ ላይ የድንጋይ ቤት አሠራ፤ በኦክቶበር 1883 ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ መሣሪያዎቹን ለማንበብ ይወጣ ነበር። በብርድ ወራት በረዶው በሩን ስለሚደፍነው መውጫው በቤቱ ማማ በኩል ነበር። ቴርሞሜትሮቹ ያሉበትን ሣጥን ውርጭ እየጋገረው ብዙ አስቸግሯል።

ጫፉ እንደ ወትሮው ከፎርት ዊሊያም በስምንት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከፍተኛ የአየር ግፊት መጥቶ አገሩ ላይ ሲሰፍር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከላይ የሚወርደው አየር እየታመቀ ይሞቃል፣ ይደርቃልም። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ በሌሊት ሙቀቱን ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ከባድ ነውና ቁልቁል ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። የከተማው ሰው በጉምና በውርጭ ሲንቀጠቀጥ ጫፉ ላይ የነበሩት ታዛቢዎች በፀሐይ ይሞቁ፣ ደመናውንም ከእግራቸው በታች ያዩት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ በጭጋግ የሚረጥበው ጫፍ ያን ጊዜ አየሩ እጅግ ይደርቃል። የሸለቆው ነገር ለእኛ ደገኛ ገበሬ አዲስ አይደለም፦ በኅዳርና በታኅሣሥ የረባዳውን ገብስ ውርጭ ሲመታው የተዳፋቱ ይተርፋል።

በፎርት ዊሊያም ያለው ታችኛው ጣቢያ በ1890 ራሱን ችሎ ቆመ፤ ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግልበጣው በቁጥር ታየ። በ1894 ደግሞ ቻርልስ ዊልሰን የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ፀሐይ በደመና ላይ የምትሠራውን የቀለም ቀለበት አየ። ያንን በቤተ ሙከራ ለመድገም ሲሞክር የደመና ሳጥን የተባለውን መሣሪያ ፈለሰፈ፤ በ1927 ኖቤል ተሸለመበት።

መንግሥት ግን በቂ ድጋፍ አልሰጠም። በ1904 ገንዘቡ አልቆ ሁለቱም ጣቢያዎች ተዘጉ። መዝገቡ ተርፎ፣ በ2017 በጎ ፈቃደኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ንባቦችን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ገልብጠዋል።