ጊዜያዊ የኢሜይል አለመድረስ

ጊዜያዊ የኢሜይል አለመድረስ ማለት የተቀባዩ ሰርቨር አንድን መልእክት «ለጊዜው አልቀበልም፤ ቆይተህ ሞክር» ብሎ ሲመልስ፣ ወይም ጨርሶ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር የሚፈጠር ሁኔታ ነው። በዚህ ጊዜ መልእክቱ አይጠፋም፤ በላኪው ሰርቨር ወረፋ ውስጥ ሆኖ እንደገና እስኪሞከር ይጠብቃል። አድራሻው ባለመኖሩ ወይም ተቀባዩ በመከልከሉ ከሚመጣው ቋሚ አለመድረስ የሚለየው በዚህ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ላኪው ማድረግ ያለበት ነገር በሁለቱ ሁኔታዎች ስለሚለያይ ነው፦ በመጀመሪያው ሰርቨሩ ራሱ ስለሚሞክር አብዛኛውን ጊዜ መታገሥ ይበቃል፤ በሁለተኛው ግን ስሕተቱን ሳያርሙ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

አሠራር

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፈው ኤስኤምቲፒ በተባለው ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮሉን አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 አርኤፍሲ 821 በተባለው ሰነድ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5321 ደግሞ ደንቡን አሻሽሎ አቅርቧል።

አንድ ሰው መልእክት ሲልክ መልእክቱ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ላኪው ሰርቨር ይገባል። ይህ ሰርቨር በአድራሻው ውስጥ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ዶሜይን ይዞ፣ የዚያን ዶሜይን መልእክት የሚቀበለው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ዲኤንኤስን ይጠይቃል። መልሱን የያዘው መዝገብ ኤምኤክስ ይባላል። አንድ ዶሜይን ብዙ የኤምኤክስ መዝገቦች ሊኖሩት ይችላል፤ ትንሽ ቁጥር ያለው በቅድሚያ ይሞከራል፣ እሱ ካልተገኘ ቀጣዩ ይሞከራል።

ሁለቱ ሰርቨሮች ሲገናኙ ተቀባዩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። ዋናውን ትርጉም የሚይዘው የመጀመሪያው አሃዝ ነው፦

- 2 – ተፈጽሟል
- 3 – ቀጥል፣ ቀሪውን ላክ
- 4 – ለጊዜው አልተቻለም
- 5 – አይቻልም፣ በዚሁ መልኩ አትሞክር

መልእክቱ በሙሉ ተልኮ ተቀባዩ በ2 የሚጀምር መልስ እስኪሰጥ ድረስ ኃላፊነቱ የላኪው ሰርቨር ነው። አርኤፍሲ 5321 በሁለት ሙከራዎች መካከል ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይና ሰርቨሩ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል። ፕሮግራሞች ዝርዝሩን በየራሳቸው መንገድ ይወስናሉ። ፖስትፊክስ ቅንብሩ ካልተለወጠ መልእክቱን ለ5 ቀን በወረፋ ያቆያል። ኤግዚም ከራሱ ጋር በሚመጣው ቅንብር መጀመሪያ ለ2 ሰዓት በየ15 ደቂቃው ይሞክራል፤ ከዚያ ክፍተቱን እያሰፋ ሄዶ እስከ 4ኛው ቀን ይቀጥላል።

የተለመዱ ኮዶች

- 421 – ሰርቨሩ ለጊዜው አገልግሎት እንደማይሰጥ ገልጾ ግንኙነቱን ይዘጋል።
- 450 – የተቀባዩ የመልእክት ሳጥን ለጊዜው አይገኝም።
- 451 – በተቀባዩ ሰርቨር ውስጥ ሥራውን ያቋረጠ ስሕተት ተፈጥሯል።
- 452 – ሰርቨሩ በቂ የማከማቻ ቦታ የለውም።

ከእነዚህ ጋር በነጥብ የተለያየ ሁለተኛ ኮድ ብዙ ጊዜ ይታያል። 4.2.2 የተቀባዩ ሳጥን መሙላቱን፣ 4.4.1 የተቀባዩ ሰርቨር አለመመለሱን፣ በ4.7 የሚጀምሩት ደግሞ ጉዳዩ ከደኅንነት ወይም ከሰርቨሩ ደንብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታሉ። 4.4.7 ግን ሊያሳስት ይችላል፦ በ4 ቢጀምርም የመጠበቂያው ጊዜ ማለቁን ስለሚናገር፣ በመጨረሻ ማሳወቂያ ላይ ከታየ ሰርቨሩ ሙከራውን አቁሟል ማለት ነው።

ምክንያቶች

የተቀባዩ ሰርቨር መጥፋት ወይም መጨናነቅ። መብራት ሲቋረጥ፣ ኔትወርክ ሲበላሽ ወይም ጥገና ሲደረግ ላኪው መልስ አያገኝም።

የሞላ ሳጥን። አንዳንድ ሰርቨሮች ይህን እንደ ጊዜያዊ፣ ሌሎች እንደ ቋሚ ችግር ይቆጥሩታል። የጉግል ነፃ አካውንት 15 ጊጋባይት ቦታ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶዎች በጋራ ስለሚያገለግል፣ በፎቶ የሞላ አካውንት ኢሜይል መቀበል ሊያቆም ይችላል።

ግሬይሊስቲንግ። ይህ ስፓም ለመከላከል ኢቫን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበው ዘዴ ነው። ሰርቨሩ የላኪውን አይፒ አድራሻ፣ የላኪውን ኢሜይልና የተቀባዩን ኢሜይል አንድ ላይ ይመዘግባል፤ ሦስቱን በአንድነት ሲያያቸው የመጀመሪያው ከሆነ በ4 የሚጀምር ኮድ ይመልሳል። ደንቡን የጠበቀ ሰርቨር ቆይቶ ሲሞክር ይቀበለዋል፤ ብዙ የስፓም ፕሮግራሞች ግን ሁለተኛ ጊዜ አይሞክሩም ነበር። ለዚህ ነው አንድ ሰው ለአዲስ አድራሻ መጀመሪያ የላከው መልእክት ዘግይቶ፣ ቀጣዮቹ ግን ወዲያው ሊደርሱ የሚችሉት።

የብዛት ገደብ። ከአንድ ምንጭ በአጭር ጊዜ ብዙ መልእክት ሲመጣ ተቀባዩ ፍጥነቱን ለመቀነስ ከፊሉን ያዘገያል።

የዲኤንኤስ ችግር። ዶሜይኑ እንደሌለ ከተረጋገጠ ስሕተቱ ቋሚ ነው፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሩ ካልመለሰ ግን ጊዜያዊ ነው። አንድ ፊደል ተሳስቶ የተጻፈ ዶሜይን በሌላ ሰው ተመዝግቦ፣ ኢሜይል የሚቀበል ሰርቨር ግን ባይኖረው፣ ስሕተቱ ለቀናት ጊዜያዊ መስሎ ሊቆይ ይችላል።

የታወቁ አጋጣሚዎች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ድርጅቶች በራሳቸው ሰርቨር ላይ በሚያስኬዷቸው ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ 2016 እና 2019 ውስጥ መልእክቶች በወረፋ ተያዙ። የቫይረስ መፈተሻው ዝማኔ በቀን የተሠራ 2201010001 የሚል ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩ የተመደበለት ቦታ የሚይዘው ግን እስከ 2147483647 ብቻ ነበር። መፈተሻው ስለቆመ መልእክቶቹም ቆሙ። ሆኖም በወረፋ ውስጥ ስለነበሩ ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ ጉዟቸውን መቀጠል ችለዋል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 2020 በጂሜይል ላይ የደረሰው ከዚህ የተለየ ነበር። በቅንብር ለውጥ ምክንያት ጂሜይል ለሰዓታት በትክክል ላሉ አንዳንድ አድራሻዎች «አካውንቱ የለም» የሚል በ550 የሚጀምር መልስ ሰጠ። ችግሩ አላፊ ቢሆንም ኮዱ የቋሚ ስሕተት ስለነበር የላኪ ሰርቨሮች እንደገና አልሞከሩም፤ መልእክቶቹን ለላኪዎች መለሱ።

በኢትዮጵያ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በተዘጋበት ወቅት የታየው ዓይነት መቋረጥ ከተለመደው የ5 ቀን ገደብ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ መልእክቱ የሚገጥመው ዕድል ሰርቨሩ ባለበት ቦታ ይወሰናል። ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ሳጥን መልእክቱን ተቀብሎ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ከተቋረጠው መስመር በስተጀርባ ወዳለ ሰርቨር ከውጭ የተላከ ግን ገደቡ ሲያልፍ ወደ ላኪው ይመለሳል።

መፍትሔ አፈላለግ

ለላኪ። የመጀመሪያው ሥራ ማሳወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። «ዲሌይድ» የሚለው ቃል መልእክቱ መዘግየቱንና ሙከራው መቀጠሉን፣ «ፌይልድ» የሚለው ደግሞ ሙከራው ማብቃቱን ያሳያል። ቀጥሎ አድራሻው ፊደል በፊደል ይታያል። ለሌላ ዶሜይን የተላከ የሙከራ መልእክት ከደረሰ ችግሩ በተቀባዩ በኩል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የትም ካልደረሰ የላኪው ሰርቨር ወይም መስመር ይጠረጠራል።

ያንኑ መልእክት ደጋግሞ መላክ አይመከርም። ወረፋውን ያበዛል፣ የብዛት ገደብን ሊያባብስ ይችላል፣ መንገዱ ሲከፈትም ተቀባዩ ብዙ ቅጂ ይደርሰዋል። የነፃ ትምህርት ዕድል ወይም የሥራ ማመልከቻ የመሰለ የማለቂያ ቀን ያለው ጉዳይ ሲሆን ግን 5 ቀን መጠበቅ አይቻልም። በዚህ ጊዜ ስልክ መደወል ወይም ተቋሙ ባሳወቀው ሌላ መንገድ ማስገባት ይሻላል፤ ማሳወቂያው የተላከበትን ቀንና ሰዓት ስለሚይዝ ለማስረጃ ይቀመጣል።

ለተቀባይ። ሳጥኑ ከሞላ ትልልቅ አባሪዎችን መሰረዝና የቆሻሻ ማኅደሩን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። ቦታው ገደቡ ሳያልፍ ከተገኘ በወረፋ ያለው መልእክት በቀጣዩ ሙከራ ሊገባ ይችላል።

ለሰርቨር አስተዳዳሪ። ወረፋውና የሥራ መዝገቡ ይመረመራሉ። የተያዙት መልእክቶች ሁሉ ወደ አንድ ዶሜይን የሚሄዱ ከሆነ ዲኤንኤሱ፣ የኤምኤክስ መዝገቡና በፖርት 25 የሚደረገው ግንኙነት ይፈተሻሉ። ወደ ብዙ ዶሜይኖች ከሆነ የራስ ዲስክ መሙላት፣ የአይፒ አድራሻው በስፓም ላኪዎች ዝርዝር መግባትና የኤስፒኤፍ መዝገብ መሳሳት ይታያሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ወረፋውን መሰረዝ ሊደርሱ የሚችሉ መልእክቶችን ማጥፋት ነው።

የሐሰት ማሳወቂያዎች

አጭበርባሪዎች የመዘግየት ማሳወቂያን አስመስለው «ያልደረሱዎት መልእክቶች አሉ፤ ለማስለቀቅ ይህን ይጫኑ» የሚል ኢሜይል ይልካሉ። ዓላማው የይለፍ ቃል መስረቅ ነው። ጊዜያዊ አለመድረስ የሚስተናገደው በሰርቨሮች መካከል ስለሆነና እውነተኛው ማሳወቂያ የሚሄደው ለላኪው ስለሆነ፣ ወረፋውን ለማንቀሳቀስ ከተቀባዩ የይለፍ ቃል አይጠየቅም።