ስለ ቍራሽና ስለ ትራፊ

ጌታ በምድረ በዳ ሕዝቡን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ካጠገበ በኋላ ከማዕዱ የተረፈው አንድ እንኳ ሳይጠፋ እንዲለቀም ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙ፥ የተለቀመውም ዐሥራ ሁለት መሶብ መሙላቱ በወንጌል የታወቀ ነው። ጥቂቱን ማብዛት የሚቻለው አምላክ ይህን ያዘዘ ቍራሽ ቸግሮት አይደለም። ትራፊን መሰብሰብ የችግር ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን የጥጋብም ቀን ሕግ መሆኑን ሊያስተምር ነው።

ይህ ሕግ በአገራችን ቤት በጽሕፈት ሳይሆን በእመቤቲቱ እጅ ሲጠበቅ ኖሯል። ሊጡ ሲቦካ ከላዩ የሚቀዳው እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል። እንጀራው ትኩሱ ይበላል፤ ሲያድር ፍትፍት ወይም ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው ሻጋታ ሳይነካው በፀሐይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ለመንገደኛና ለዘማች ስንቅ ይውላል። ወተቱም እንደዚሁ ነው። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ይጠጣል፥ ወይም በእሳት ለዝቦ አይብ ይወጣዋል፤ የቀረውም አጓት የሚጠጣው አያጣም። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። ፍየል ሲታረድ ቆዳው ብራና ይሆናል፤ የበሬው ቀንድም ለጠጪው ዋንጫ፥ ለጸሐፊው የቀለም ቀንድ ይሆናል። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀው ጥላሸት ካረረ እህል ጋራ ተደቍሶ ለጥቍር ቀለም ይውል ስለ ነበረ፥ በየገዳሙ ዕቃ ቤት ከሚገኙት መጻሕፍት ብዙዎቹ ከወጥ ቤት ትራፊ ጋራ ዝምድና አላቸው።

እንግዲህ ሥርዐቱ ደረጃ ነበረው። ከቤተ ሰቡ የተረፈው ለድኻ፥ ከድኻ ያለፈው ለእንስሳ፥ ከእንስሳ ያለፈው ከአመዱና ከፍግ ጋራ ለጓሮው መሬት ይደርሳል። ጎመኑና ጌሾው የሚለመልሙት በዚህ ነበር።

ከዚህ ደረጃ ትልቁን ፍሬ ያገኘችው ቤተ ክርስቲያን ናት። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ የሚለምነው ቍራሽ ነው። የለመነውንም አድርቆ ኮቸሮ ያደርገዋል፤ በዚያም ዜማውን፥ ቅኔውን፥ ትርጓሜውን ይማራል። ስማቸው የተመሰገነ ብዙ ሊቃውንት በዚህ ቍራሽ ያደጉ ናቸው። በየመንደሩ ያሉ እናቶች የማዕዳቸውን ትራፊ ቢጥሉት ኖሮ የጉባኤው ወንበር ያለ ደቀ መዝሙር በቀረ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ጥንቱ ሁሉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ለአንድ ቀን ተዝካር ወይም ሰርግ የዓመት እህሉን አሟጦ፥ በሬውን አርዶ፥ ዕዳ ገብቶ የሚደግስ ሰው ብዙ ነበር። በማግስቱም ልጆቹ ይራባሉ።

የጥጋብም ዘመን እንዴት ፈጥኖ እንደሚያልፍ ክፉ ቀን አሳይቷል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ፈጀው። በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። ዐፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው እየቈፈሩ ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ በምሳሌ አስተማሩ። ቍጠባ ብቻውን ከዚያ መከራ ባያድንም፥ ከሙሉ ጎተራ እስከ ባዶ ጎተራ ያለው መንገድ አጭር መሆኑን ያ ትውልድ በዐይኑ አየ።

ከተማ ሲሰፋ ግን ደረጃው ተሰበረ። በብዙው የከተማ ቤት ከብትም ጓሮም የለም፤ ስለዚህ የምግቡ ትራፊ ከፌስታሉና ከጠርሙሱ ጋራ ተቀላቅሎ ይወጣል። አዲስ አበባ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን የከመረችው ረጲ አጠገብ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ነው። ከከተማይቱም ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ጎጆዎች ቀበረ። ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት አለቁ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ድኻው ከማዕዱ በሚደርሰው ቍራሽ ይኖር ነበር፤ በዚያች ማታ ግን የማዕዱ ትራፊ ራሱ ተንዶ ድኻውን ገደለው።

ነገሩ የአንዲት ከተማ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው መግለጫ፥ በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ቅርፊቱና አጥንቱ ጭምር 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህም ከመቶ 60 ያኽሉ የወጣው ከየመኖሪያ ቤቱ ነው። አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ የሚበሰብስ ምግብ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ እያወጣ የዓለምን ሙቀት ይጨምራል።

መድኀኒቱ ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ለሚበላው ሰው ልክ መጋገር፥ ያደረውን መፈርፈር፥ የተረፈውን ሳይበላሽ ለተራበ ማድረስ፥ የሽንኵርቱንና የድንቹን ልጣጭ ከሌላው ጥራጊ ለይቶ በጓሮ ወይም በጎረቤት አትክልት ቦታ ማበስበስ እናቶች ያወቁት ሥራ ነው። ካህናትም ስለ ተዝካርና ስለ ሰርግ ልክ ቢመክሩ ቃላቸው በየቤቱ ይሰማል። ቍራሹን ያከበረ ቤት ንፉግ አይባልም፤ ከእርሱ በኋላ የሚበላ ሌላ ሰው እንዳለ ያሰበ ቤት ነውና።