ካሴቱን አውሰኝና ላስቀዳው

የሙዚቃችን ታሪክ ሲጻፍ የሚነሱት ዘፋኞቹ ናቸው፤ ግፋ ቢል ባንዶቹ፣ አቀናባሪዎቹና የግጥም ደራሲዎቹ። ይገባቸዋል። አንድ ሰው ግን ሁሌም ይዘለላል። ያ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ስሙም በካሴት ልባስ ላይ አልታተመም። አንድ ዘፈን ይወድና ብቻውን መስማት ያቅተዋል፤ «እስቲ ይህችን ስማልኝ» ብሎ ለጓደኛው ይሰጣል። ሥራው ይኸው ነው። ዛሬ የምጽፈው የእሱን ታሪክ ነው። ወገኖቼ፣ ምናልባት ስለራሳችሁ እያነበባችሁ ሊሆን ይችላል።

ከሸክላው እንጀምር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። ሸክላ ግን ማጫወቻ ይፈልጋል፤ ማጫወቻ ደግሞ ገንዘብ። አብዛኛው ሰው ሸክላ የሚሰማው በሰው ቤት ወይም በቡና ቤት ነበር። በዚያ ላይ በአገር ውስጥ ሸክላ የማሳተሙ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ ነበር። ይህን አጥር የዘለለው በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ ወጣት ነው፤ አምሃ እሸቴ። እ.ኤ.አ. በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን ከፍቶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። ያስሩት ይሆን ተብሎ ተፈራ፤ አልታሰረም። አገሩን ጥሎ እስከወጣበት እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ።

ሸክላ ግን ለእኛ ሰው አንድ ጉድለት ነበረው፤ ይዋሳል እንጂ አይባዛም። ጓደኛችሁ ከወሰደው እናንተ ዘንድ የለም፤ ከመለሰላችሁ ደግሞ እሱ ዘንድ የለም። (ካልመለሰ ደግሞ ጓደኝነቱም የለም!) ነገሩን የቀየረው ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ያቀረበው ካሴት ነው። እኛ ዘንድ ለካሴቱ መንገድ ከጠረጉት አንዱ የመርካቶው አሊ አብደላ ካይፋ ነበር፤ ሰው «አሊ ታንጎ» የሚለው። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው እሱ ነው። አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ ሸክላው ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

እንግዲህ ዘመኑን አስቡት። ደርግ ሥልጣን ይዟል። ሬዲዮው የመንግሥት ነው፣ ግጥም በሳንሱር ያልፋል፣ ማታ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ። ሙዚቃ ማዳመጥ የፈለገ ሰው ምሽት ክበብ ከገባ በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያነጋል። ዋሊያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል የሚጫወተው እንዲህ ላደረ ሰው ጭምር ነበር። ሂልተን ማደር የማይችለውስ? ቤቱ ተቀምጦ ቴፑን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። ቀን ከጓደኛው የተዋሰውን ካሴት ያዳምጣል። ሬዲዮ የማያጫውትለትን፣ ሰሙ ፍቅር ወርቁ ሌላ የሆነውን ዘፈን ከሚያምናቸው ሰዎች ጋር ይፈታል። እንዲህ ያለውን ካሴት ማዋስ «አምንሃለሁ» ማለትም ነበር።

እዚህ የካ ክፍለ ከተማ፣ ሲግናል ያደግን ልጆች ይህን ዘመን የምናውቀው ከትልልቆቻችን አፍ ነው። የሚነግሩን ታሪክ የፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ሥራም አለበት። ባዶ ካሴት ይገዛል፤ ባለ 60 ከሆነ በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ፣ ባለ 90 ከሆነ 45 ደቂቃ ይይዛል። የዘፈኖቹ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ለሙዚቃ ቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ እሱም ከዚህም ከዚያም እያጠናቀረ ይቀዳል። ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ሙዚቃ ቤትም አያስፈልግም። እንዳይጠፋ የተፈለገ ካሴት ጀርባው ላይ ያለችው ፕላስቲክ ትሰበራለች። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ቀዳዳዋን በወረቀት ወትፎ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። የባትሪ ድንጋይ ለመቆጠብ ካሴቱ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል። ክሩ ሲበጠስም በጥፍር ቀለም የሚቀጥል ባለሙያ አይጠፋም።

አንዲት ጎረቤታችን እስካሁን በጫማ ካርቶን ያስቀመጠቻቸው ካሴቶች አሏት። ልባሳቸው ላይ በእጅ ጽሑፍ የዘፈኖቹ ስም ተደርድሯል፤ ከታች ደግሞ የሰጣት ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል። «ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዓመቱ፤ ለምን አትጥያቸውም?» ብላት «ይህ እኮ ደብዳቤ ነው» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ?

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወዳጁ ያመጣለትን የማህሙድ አህመድ ሸክላ ሰማ። ምን አደረገ? ወዲያው ካሴት ላይ እየቀዳ ለወዳጆቹና ለሙዚቃ ጋዜጠኞች ላከ፤ እነሱም «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» ብለው መለሱለት። በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። በ1986 የማህሙድ ሥራ በአውሮፓ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም ተጀመረ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያወራለት ሙዚቃ በፈረንጅ ጆሮ የገባው፣ አንድ ሰው ለጓደኛው ሸክላ ስላመጣለት ነው ቢባል ብዙም ማጋነን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን የጂም ጃርሙሽን «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ያያችሁ ደግሞ ታስታውሳላችሁ፤ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለመንገዱ ሲዲ ይሰጠዋል፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃም መኪናው ውስጥ ይንቆረቆራል። ፊልም ሠሪውም የገባው ይኸው ነው፤ ይህ ሙዚቃ ሲጓዝ የኖረው ከእጅ ወደ እጅ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ጣፋጭ ነው። ግን እንተማመን፤ ሌላ ገጽም አለው። እያንዳንዱ የተቀዳ ካሴት ያልተሸጠ ካሴት ነው። ዘፋኙ አልበም ሲያወጣ በሳምንቱ ቅጂው ገበያውን ከሞላው፣ የግጥም ደራሲው፣ ሙዚቀኛውና አሳታሚው ምን ይበላሉ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት አንቀጾች ቢኖሩትም ገበያውን ያስቆመ ኃይል አልነበራቸውም። ራሱን የቻለ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 410) የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከቤቱ ተቀምጦ ለግሉ ብቻ የሚገለገለውን ሰው አያሳድድም፤ አባዝቶ የሚሸጠውን ግን ይቀጣል። የእኛ ሰው፣ ለጓደኛው የሚቀዳው፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ይገኛል። ነጋዴ አይደለም፤ ለራሱ ብቻም አልቀዳም።

ከዚያ የኔ ትውልድ መጣ፤ ካሴቱ ሄዶ ብሉቱዝ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ተተኩ። 90 ደቂቃ ለመቅዳት 90 ደቂቃ መቀመጥ ቀረ። «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ በጥቂት ብር መቶ ዘፈን ይጭንልን ነበር። አሁን ቴሌግራም ላይ ሙሉ አልበም በአንድ ንክኪ ይላካል። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ አይመስለኝም። ጎረቤታችን ካሴት ላይ የተጻፈው የእጅ ጽሑፍ «እነዚህን 14 ዘፈኖች ለአንቺ መረጥኩ» ይላል። እኛ የምንላላከው መቶ ዘፈን ግን ማንም ለማንም አልመረጠውም፤ የዘፋኙ ስም እንኳ አብሮት የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የሸክላው ዘመን ሰው ቢያንስ ማን እንደዘፈነ ያውቅ ነበር።

ነገሩን ለማስታረቅ የሞከሩ አልጠፉም። ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያስጀመሩት ዘፈን በስልክ እየተገዛ ባለሙያውም ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። ኤልያስ በዚያው ዓመት፣ በወራት ልዩነት አረፈ። ጥያቄው ግን አብሮት አላረፈም።

አንድ ታሪክ ልጨምርና ላብቃ። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ አሜሪካ በሄደ ጊዜ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት አወጣ፤ ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኖ ለዓመታት ኖረ። ኪቦርዱን ታክሲው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት ግን አንድ ቅጂው ባሕር ዳር ተቀምጦ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ ለሌሎች የሚያሰማ ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ አገኘው፤ ወደደው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቀድቶ ከመበተኑ በፊት ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ደወለለት። ተስማሙ፤ ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህ ሰውም ያው የእኛ ሰው ነው፤ አንድ ዘፈን ወዶ ብቻውን መስማት ያቃተው። ከኛ የሚለየው በአንዲት ስልክ ጥሪ ነው። ማካፈሉን እንተው አልልም፤ ማካፈል ባይኖር ኖሮ ከታሪካችን ግማሹ በአቧራ ተበልቶ ነበር። ግን ስንልክ ስሙን አብረን እንላክ፤ ማን ዘፈነው፣ ማን ጻፈው፣ ማን ተጫወተው። ከምንልካቸው አሥር አንዱን ደግሞ እንግዛ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንምረጥ፤ መቶ ከመላክ ለአንድ ሰው የተመረጠ አንድ ዘፈን ይበልጣል።

ቸር ያሰማን።