ማፍረስም ሙያ ነው፤ የሞጣ ሰባራ ድልድይ ታሪክና ትምህርቱ

የሰው ልጅ የሥራ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ መገንባት ነው። መሠረቱን ማን ጣለ፥ ማንስ መረቀ የሚለው በደንጊያ ላይ ሳይቀር ተቀርጾ ለተከታዩ ትውልድ ይተላለፋል። ያረጀው ሕንፃ በምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደ ወረደና ሲወርድም በማን ላይ ጉዳት እንደ ደረሰ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ይሁንና ከተማ ባደገ ቁጥር አገልግሎቱን የጨረሰ የመንግሥት ቤት መፍረሱ የማይቀር ነገር ነው። ስለዚህ ማፍረስም እንደ መገንባት ሁሉ ዕውቀት የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ከራሳችን ታሪክ አንድ ምሳሌ አንሥተን ብንመለከት የሚጠቅም ይመስለናል።

ቢቸናና ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙ ከተሞች ሲሆኑ፥ በቀድሞው አስተዳደር እያንዳንዳቸው የአውራጃ ርእሰ ከተማ ነበሩ። የሁለቱም አገር ኑሮ ከዓባይ ጋር የተሳሰረ ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት የወንዙን ትልቅነት ሲያደንቅ፥ የወንዙን ክፋት የሚያውቀው ግን በክረምት ሊሻገረው የሞከረ መንገደኛ ነው። ዓባይ ጎጃምን በሰሜን፥ በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ስለ ከበበው፥ በበጋ መልካ እየፈለገ የሚሻገረው ነጋዴና ዘመድ ጠያቂ ክረምት ሲገባ በየበኩሉ ተለያይቶ ይቀር ነበር።

ይህን ችግር ለማቃለል በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዓባይ ላይ ሁለት የደንጊያ ድልድዮች ተሠሩ። የመጀመሪያው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አቅራቢያ የተሠራው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፥ በ1652 ዓ.ም አካባቢ፥ ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ ላይ የቆመው ነው። ግንበኞቹ ደንጊያውን በኖራ እያያያዙ በቅስት ላይ ቅስት አቁመው ስለ ሠሩት፥ ድልድዩ የብዙ ክረምቶችን ጎርፍ ችሎ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ዘመን ሁለቱን አገሮች ሲያገናኝ ኖረ።

በ1928 ዓ.ም የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ የጎጃም አርበኞች በየስፍራው ተነሡ። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ከታወቁት አርበኞች አንዱ በላይ ዘለቀ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ድልድይ በሰላም ዘመን የወዳጅ መገናኛ ቢሆንም በጦርነት ዘመን የጠላትም መሻገሪያ ነው። ስለዚህ በወረራው ዘመን የአገሩ ሰዎች ጠላት እንዳይሻገርበት የድልድዩን ትልቅ ቅስት ለመቍረጥ ወሰኑ። የሚያፈነዱት ፈንጂ ስላልነበራቸው ደንጊያውን በእጅ መሣሪያ እየፈለፈሉ መንቀል ጀመሩ።

በድልድዩ ታሪክ እንደሚተረከው፥ ሥራው እየተካሄደ ሳለ ቅስቱ ባልታሰበ ሰዓት በአንድ ጊዜ ተንዶ፥ በላዩ ሆነው ሲቈፍሩ የነበሩት ብዙ ሰዎች ከደንጊያው ጋር ወደ ዓባይ ወደቁ። ያሰቡትን ፈጸሙ፤ ዋጋውንም በሕይወታቸው ከፈሉ። ድልድዩም ከዚያ ወዲህ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ።

እነዚህ ሰዎች ለአገራቸው ሲሉ በችኮላና በጦርነት መካከል የሠሩ ናቸውና ክብር እንጂ ነቀፌታ አይገባቸውም። ነገር ግን ቅስቱ ለምን ድንገት እንደሚናድ መረዳት ለእኛ ትምህርት ነው። ቅስት ማለት እያንዳንዱ ደንጊያ ጎረቤቱን እየገፋ፥ በጎረቤቱም እየተገፋ የሚቆምበት ሥራ ነው። ግንበኛው ሲሠራው በመጀመሪያ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ያቆማል፤ ደንጊያውን ከሁለት ወገን እያመጣ በመካከል ይገጥመዋል፤ ሲጸና ብቻ ድጋፉን ያነሣል። በሚፈርስበትም ጊዜ ሥርዓቱ ይኸው ተገልብጦ ነው፤ ድጋፉ አስቀድሞ ይመለሳል፥ ሸክሙ ከሁለቱም ወገን እኩል ይቀንሳል፥ የቅስቱም ደንጊያ በመጨረሻ ይነሣል። ያለ ድጋፍ የተነካ ቅስት ግን ጥቂት ደንጊያ እስኪጐድልበት ድረስ የጸና መስሎ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የሚወድቀው በአንድ ጊዜ ነው።

የተሰበረው ቅስት ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ ሳይጠገን ቆየ። መንገደኛው ከተሰበረው ጫፍ ሲደርስ ገመድ በወገቡ ታስሮ፥ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ጐልማሶች እየሳቡት በጥልቁ ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በ1993 ዓ.ም ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭም ፎቶግራፉን አይተው «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን የድልድይ ሠሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ የተቈረጠውም ቦታ በ1994 ዓ.ም አካባቢ በብረት ተቀጠለ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የክረምት ጎርፍ ብረቱን ስለ ወሰደው፥ በ2001 ዓ.ም አካባቢ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተዘረጋ። በአጭር ጊዜ የፈረሰውን ለመመለስ የሁለት ትውልድ ዘመንና የሩቅ አገር ሰው ርዳታ እንዳስፈለገ አንባቢው ያስተውል።

በሠለጠኑት አገሮችም ቢሆን፥ ጦርነት በሌለበትና መሣሪያ በሞላበት ጊዜ፥ ማፍረስን ቀላል ነገር አድርጎ መመልከት ጉዳት አስከትሏል። በአውስትራልያ ዋና ከተማ በካንቤራ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1997፥ ባዶ የቀረው ሮያል ካንቤራ ሆስፒታል በፈንጂ ሲፈርስ፥ ሕዝቡ እንደ በዓል መጥቶ እንዲመለከት ተጋብዞ ነበር። ወደ 100,000 የሚገመት ተመልካች በሐይቁ ዳር ተሰብስቦ ሳለ የብረት ስባሪ ተፈናጥሮ ከ400 ሜትር በላይ ርቃ የቆመች የ12 ዓመት ልጅ ገደለ። በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ ሰኔ 5 ቀን 2013 በመፍረስ ላይ የነበረ ባዶ ሕንፃ ግድግዳ ያለ ድጋፍ ብቻውን ቆሞ ስለ ተተወ፥ በአጠገቡ በነበረው ሱቅ ላይ ወድቆ ገበያተኞችንና ሠራተኞችን ገደለ። በካንቤራ ሰው ሊቀርብ ከማይገባው ስፍራ ተጠርቶ መጣ፤ በፊላደልፊያ ጎረቤቱ ሱቅ ሥራውን ሳያቋርጥ ተተወ። በሁለቱም ቦታ የሞቱት ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

የአገራችን የክፍለ ሀገር ከተሞች አሮጌ የመንግሥት ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨትና በጭቃ ወይም በደንጊያ የተሠሩና ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ባዶ ከቀሩ በኋላ ምስጥ ምሰሶውን ይበላዋል፤ ዝናብ ግድግዳውን ያርሰዋል፤ ማገሩንና ቆርቆሮውን የሚመነትፍም አይጠፋም። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት የቆመ የሚመስለው ቤት ከውስጥ ድጋፉን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። ከተማው ሲጠብ ደግሞ የአንዱ ግድግዳ ለሌላው ሱቅ ጀርባ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህም ለማፍረስ የታዘዘ ሹም ሊያስባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ ቤቱ ምን እንደ ያዘና በምን እንደ ቆመ ሙያ ያለው ሰው ገብቶ ይመርምረው፤ የመብራትና የውሃ መሥመርም አስቀድሞ ይቋረጥ። ሁለተኛ፥ የጎረቤቱ ግድግዳ በሚፈርሰው ቤት ላይ የተደገፈ እንደ ሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የራሱ ድጋፍ ይቁምለት፤ ነዋሪውም ይነገረውና ዞር ይበል። ሦስተኛ፥ አፈራረሱ ከላይ ወደ ታች ይሁን፤ ጣራው፥ ከዚያም ግድግዳው በየተራው ይውረድ እንጂ ከሥር ቈፍሮ መጣል ወይም ረጅም ግድግዳን ብቻውን አቁሞ ማደር አይገባም። አራተኛ፥ ስፍራው ይታጠር፤ በገበያ ቀንና ተማሪ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት መንገድ ዳር ያለ ግድግዳ አይነካ። አምስተኛ፥ ደኅና ደንጊያና እንጨት ለሌላ ሥራ ይቀመጥ፤ ታሪክ ያለው ሕንፃ ከሆነም ከመፍረሱ በፊት ሊጠገን የሚችል መሆኑ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ሥራውን ያዘገያል የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ያዘገያል። ነገር ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ በችኮላ የተቈጠበው ቀን በሰው ነፍስ ከተከፈለ ቍጠባ ሊባል አይችልም። የሰባራ ድልድይ አርበኞች ጊዜና ምርጫ ስላልነበራቸው ሕይወታቸውን ሰጡ። ዛሬ በሰላም ጊዜ አሮጌ ቤት የሚያስፈርስ ሹም ግን ጊዜም ምርጫም አለው። የሚያስፈርሰውም የጠላትን መንገድ ሳይሆን፥ ልጆች በአጠገቡ የሚያልፉበትን፥ ጎረቤት በጥላው የሚነግድበትን የገዛ ከተማውን ቤት ነው።