የፈረስ ርግጫና የዕድል ሒሳብ

ፈረስ ረግጦ የገደለውን ሰው ምን ሒሳብ ያውቀዋል? የፈረሱ ጠባይ ነው፣ የአለቃው ቸልታ ነው፣ ወይም የሟቹ ዕጣ ነው እንላለን እንጂ ቁጥር ይገዛዋል ብለን አናስብም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፕሮባቢሊቲ ሲባል ሳንቲም መወርወርና ካርታ መምዘዝ ብቻ ትዝ ይለዋል። እኔ ግን ትምህርቱ በፈረስ ቢጀመር እመርጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሴንት ፒተርስበርግ የተወለደው ላዲስላውስ ቦርትኬቪች በ1898 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመንኛ «የትናንሽ ቁጥሮች ሕግ» የተሰኘች መጽሐፍ አሳተመ። በውስጧም ከ1875 እስከ 1894 ድረስ በፕሩስያ ጦር ውስጥ በፈረስ ርግጫ የሞቱትን ወታደሮች ቆጠረ። ከ14ቱ ኮሮች አደረጃጀታቸው የተለየውን 4 ብንተዋቸው 10 ይቀራሉ። 10 ኮር በ20 ዓመት 200 መዝገብ ይሆናል። ሟቾቹ 122 ናቸው፤ ለአንድ ኮር በዓመት በአማካይ 0.61 ሰው መሆኑ ነው።

በ109ኙ መዝገብ ማንም አልሞተም። በ65ቱ አንድ፣ በ22ቱ ሁለት፣ በ3ቱ ሦስት ሰው ሞቷል። በአንዱ ግን አራት!

ለመሆኑ አራት ሰው የሞተበት ኮር አዛዥ ጥፋተኛ ነውን? ፈረንሳዊው ፗሶን በ1837 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እምብዛም የማይደርስ ነገር ስንት ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል የሚያሰላ ቀመር ትቶልናል። ቀመሩ የሚጠይቀው አማካዩን ብቻ ነው። 0.61ን ብንሰጠው በቅደም ተከተል 108.7፣ 66.3፣ 20.2፣ 4.1 እና 0.6 ይመልስልናል። አንባቢ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየው።

የዓመቱ ሟች ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። መምህራን «ራንደም ቫሪያብል» የሚሉት ይህን መሰሉን ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚደርሰውን ድርሻ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ደግሞ ስርጭቱ ነው። አንዱን ዓመት ማንም አይተነብየውም፤ ሁለት መቶው ሲደመር ግን መልክ ይይዛል።

የፗሶን መጽሐፍ ርእሰ ጉዳይ የፍርድ ቤት ብይን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቀመሩ በእርግጥም ለፈራጅ የሚጠቅም ነው። አራት ሰው መሞቱ ብቻውን በአዛዡ ላይ ማስረጃ አይሆንም፤ አጋጣሚም ያን ያህል ያደርሳልና። ይሁን እንጂ ቀመሩ ቸልታን ነጻ አያወጣም። አንዱን አዛዥ ከሌላው ለይቶ መውቀስ አይቻልም ማለት 0.61 ራሱ ሊቀነስ አይችልም ማለት አይደለም። ዕጣ የምንለው ሟቾቹን በየኮሩ ያከፋፍላል፤ አማካዩን ዝቅ ማድረግ ግን የሰው ሥራ ነው።