ያገለገለ ቪትዝ ለመግዛት፦ ከወንጪ ዳገት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉድለቶች

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺሕ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ሐሮ ወንጪ የሚያቀና መኪና በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለጥ ባለ አስፋልት ላይ አንድ ዙር ተነድቶ የተገዛ አነስተኛ አውቶሞቢል እውነተኛ ጠባዩን የሚያሳየው በዚህ ዳገት ላይ ነው። ያን ጊዜ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል።

በጊንጪ፣ በአምቦም ሆነ በጉደር አነስተኛ የቤት መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠራለት ስም በአብዛኛው የቶዮታ ቪትዝ ነው። መኪናው በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው ደግሞ በ2010 መጨረሻ ወጥቷል። በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የተሸጠው ያሪስ በሚል ስም ነው። ነዳጅ ቆጣቢነቱ፣ የመለዋወጫው በቀላሉ መገኘትና ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው መሆኑ ተፈላጊ አድርገውታል።

ዋጋው ከዕድሜው ጋር የማይሄድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጸ። ስለዚህ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ቪትዝ ከዓመታት በፊት የገባ፣ ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወረ ነው። የሃያ ዓመት መኪና የአንድ ቤተሰብን የዓመታት ቁጠባ ወይም የበርካታ ምርት ዘመን ሽያጭ ጠቅልሎ ሲወስድ፣ በችኮላ የተደረገ ግዢ በቀላሉ የሚታረም ስሕተት አይሆንም።

መሪው ከየት መጣ?

ጃፓን በግራ የምትነዳ አገር ስለሆነች በዚያ የተሸጠ ቪትዝ ሁሉ መሪው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ትነዳለች። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ መኪኖች ወደ አገር ከመግባታቸው በፊት፣ በአብዛኛው በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሯል። የቪትዝ የፍጥነትና የነዳጅ ማሳያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች መሐል ላይ የተቀመጠ መሆኑ ሥራውን አቅልሎታል፤ ዝውውሩ በዓይን በቀላሉ እንዳይታወቅም አድርጓል።

የተዛወረ መሪ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በጥንቃቄ የተሠራ ለዓመታት ያለ ችግር ይሄዳል። ችግሩ ሻጩ ብዙ ጊዜ ስለ ጉዳዩ አለማውሳቱ፣ ገዢውም አለመጠየቁ ነው። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና እንደ ኤስሲፒ 10፣ ኤንሲፒ 13 ወይም ኬኤስፒ 90 ባለ አጭር የሞዴል ምልክት ይጀምርና ሰረዝ አስከትሎ ቁጥር ይይዛል። ከፋብሪካው በግራ መሪ ለአውሮፓ የወጣ ያሪስ ግን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ረጅም ቁጥር አለው፤ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው በቪኤንኬ ይጀምራል።

መሪው ከተዛወረ መታየት ያለበት ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ነው። ፔዳሉ ወደ ግራ ሲመጣ ዋናው የፍሬን ፖምፓ አብሮ ተዛውሯል ወይስ በቀድሞ ቦታው ቀርቶ በብረት ዘንግ ተያይዟል? በዘንግ የተያያዘ ከሆነ መጋጠሚያው እየላላ ሲሄድ ፔዳሉ ዘግይቶ ይይዛል። ከወንጪ ወደ አምቦ የሚወርድ ሰው ይህን መዘግየት በቀልድ አይመለከተውም። የተበየዱ ቦታዎች፣ በቴፕ የተጠቀለሉ የኤሌክትሪክ ገመዶችና በመሪው ውስጥ መኖር ሲገባው የሌለ የአደጋ መከላከያ ከረጢት ቀጥለው የሚታዩ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር የፊት መብራቱ ነው። የጃፓን መብራት ሲቀነስ የመንገዱን ግራ ዳር አጉልቶ እንዲያበራ የተሠራ ነው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ይህ ማለት ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን መውጋት ማለት ነው። መኪናውን በምሽት ከግድግዳ ፊት አቁሞ መብራቱን ቀንሶ ማየት በቂ ነው፤ ብርሃኑ ከፍ የሚለው በግራ በኩል ከሆነ መብራቱ አልተቀየረም።

ሙቀትና ከፍታ

በ3 ሺሕ ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 70 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የወጣው ባለ 1 ሺሕ ሲሲ ቪትዝ ወንጪ አካባቢ ሲደርስ የሚቀረው ወደ 50 ግድም ነው። አምስት ሰውና የድንች ጆንያ ጭኖ ዳገት የሚወጣ መኪና በትንሽ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ በዝግታ ይጓዛል። የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ያንሳል።

ውኃም በከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በ3 ሺሕ ሜትር 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው ደግሞ በዚያው ሙቀት ዙሪያ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ አዲስ አበባ ላይ ምንም የማይል መኪና ወንጪ ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ በሙቀት የተጣመመ የሞተር ቴስታታ ግን ገዢውን ሁለተኛ ጊዜ ያስከፍላል።

በዚህ ላይ ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መጠን የሚያሳይ መርፌ የላቸውም። ያላቸው ሁለት ምልክት ብቻ ነው፦ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ሲግል ቀይ። ቀዩ ሲበራ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል። ቁልፉ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለአፍታ በርተው መጥፋት አለባቸው። ከነጭራሹ የማይበራ ምልክት ካለ አንድ ሰው ጉድለት ለመሸፈን ሆን ብሎ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ማየት ብዙ ይናገራል። ንጹሕ ቀለም ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከታየ ባለቤቱ ይንከባከበው ነበር። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ ከታየ ለዓመታት የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ ሲጨመርበት ኖሯል። የአምቦ አካባቢ ምንጮች በማዕድን የበለጸጉ መሆናቸው ለሰው ቢበጅም ለራዲያተር አይበጅም፤ ማዕድኑ ሲሞቅ እንደ ኖራ ይጋገርና ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል። ሞተሩ እየሠራ በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ የማያቋርጥ ከሆነ፣ ወይም ከዘይት መጨመሪያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ቅባት ከተገኘ፣ ውኃና ዘይት የሚለየው የቴስታታ ማሸጊያ ተበልቷል። እንዲህ ያለውን መኪና በቅናሽ ዋጋ እንኳ አለመግዛት ይሻላል።

ሞተርና ካምቢዮ

«ቺንጊያው ገና አሁን ተቀይሯል» የሚል ሻጭ ወይ ስለ መኪናው አያውቅም፣ ወይ የሚያወራው ዲናሞ ስለሚያዞረው ቺንጊያ ነው። የቪትዝ ሞተር ቫልቮች የሚንቀሳቀሱት በሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በየጊዜው አይቀየርም፤ ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ግን ይረዝማል። ምልክቱ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ከጎን የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭ ነው። ስለዚህ መኪናው የሚታየው ማለዳ፣ ሳይነሣ መሆን አለበት። ኮፈኑ ሲዳሰስ ሞቅ ካለ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሺሕ ሲሲ ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደር በመሆኑ ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጡ የተፈጥሮው ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የተፈጥሮ አይደለም። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ከሠራ በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት እየበላ ነው።

በእጅ ማርሽ የሚሠራው ለገጠር መንገድ የበለጠ ይመከራል፤ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ በየትኛውም ከተማ ይቀየራል። አውቶማቲክ ከሆነ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ይገባል። ከሁለተኛው ትውልድ ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባለው፣ በብረት ቀበቶ የሚሠራ፣ የማርሽ ለውጡ የማይሰማ ካምቢዮ አላቸው። ይህ ካምቢዮ የሚፈልገው ቲሲ ወይም ኤፍኢ የሚባል የራሱን ዘይት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የተጨመረበት ሲቪቲ ለጊዜው ይሄዳል፣ ኋላ ግን ቀበቶው እየተንሸራተተ ይበላል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ወይም ሲነሣ ከነተረ፣ ጥገናው እጅግ ውድ ስለሆነ ግዢውን መተው ይመረጣል።

ከሥር፣ መኪናው ከመሬት ያለው ከፍታ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በክረምት ወደ ቀበሌ መንገድ የገባ ቪትዝ የሞተሩ የዘይት ቋት መመታቱ የተለመደ በመሆኑ ብያጅ መኖሩን ተጎንብሶ ማየት ያሻል። መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ሲነዳ ከፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የአክሱሉ መጋጠሚያ አልቋል። ኋላው ዝቅ ብሎ የቆመ መኪና ጭነት ሲሸከም የኖረ ነው።

የት ይፈተን?

ከአምቦ ሄዶ አዲስ አበባ የሚገዛ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ቢጠይቅ ይጠቀማል። እንጦጦ እንደ ወንጪ ሁሉ ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ነው። ሦስት አራት ሰው ጭኖ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ መውጣት፣ ላይ ሲደረስ ሞተሩን ሳያጠፉ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም በትንሽ ማርሽ መውረድ በቂ ፈተና ነው። በቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ የሚርገበገብ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ፍሬኑ ሥራ ይፈልጋል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። አምቦ ላይ የሚገዛ ደግሞ የወንጪው መንገድ ከደጁ አለ።

ወረቀቱ

የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ከታተመው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ማዛወሩ ይቆማል። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል አይዛወርም። በባንክ ብድር መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ አለመሆኑ ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መጣራት ይኖርበታል፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር አጋሩ ፊርማ ያስፈልጋል።

በውክልና ብቻ ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መንዳት በብዙዎች ዘንድ ወጪ መቆጠቢያ ተደርጎ ይታያል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ግን ውክልና በመርሕ ደረጃ ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ሻጩ በሞተ ማግስት ገዢው ከወራሾች ጋር ሊሟገት ነው። ለሻጩም አይበጅም፤ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ሕጉ ባለቤቱን ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ሙሉው ገንዘብ ከእጅ መውጣት ያለበት ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ሲፈረም ነው፤ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ የሚያበቃበት ቀንም በዚያው ዕለት ይታያል።