ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በአርበኝነት ትውስታችን

በጎጃም የጣሊያን ዘመን ሲወሳ አውሮፕላን የጠላት ነው። የአርበኞቹ የበላይ ዘለቀና የኃይሉ በለው ስም የሚነሣው ከጫካ፣ ከገደልና ከጠመንጃ ጋር ነው፤ ከሰማይ የሚመጣው ቦምብ ነው። ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ያዩትን ነው የሚያስታውሱት። በኢትዮጵያ ወገን የበረሩት ጥቁር አሜሪካዊ፣ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፣ ከአርበኝነት ትረካችን የወጡትም ሰማዩን ለጠላት ስለ ተውነው ይመስለኛል።

ሮቢንሰን ያደጉት በሚሲሲፒ ግዛት፣ በገልፍፖርት ከተማ ነው። በተስኪጊ ኢንስቲትዩት የመኪና መካኒክነት ተምረው ቺካጎ ገቡ። ከርቲስ ራይት የተባለው የበረራ ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበርና በጽዳት ሠራተኝነት ገብተው ትምህርቱን በጆሮ ለቀሙት፤ በኋላ ተመረቁበት። ተስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር የወተወቱትም እሳቸው ናቸው። አሜሪካ በነበሩት ኢትዮጵያዊ በዶክተር መላኩ በያን አገናኝነት በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጡ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም የአየር ኃይሉን መሪነት ሰጧቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በጣሊያን ቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ወራት በአዲስ አበባና በጦር ግንባሩ መካከል እየተመላለሱ መልእክት፣ ሰውና ቁሳቁስ አደረሱ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩና ለውጊያ ያልታጠቁ ነበሩ፤ ጣሊያን ግን በመቶዎች አሰልፎ ነበር። በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀውን መንገድ፣ አሳዳጅ ባለበት ሰማይ፣ ያለ መሣሪያ መብረር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ማሰብ ይገባል።

ቦምብ አልጣሉም፣ የጠላት አውሮፕላንም አልመቱም በሚል ሚዛን ከታየ ግን ድርሻቸው ያንሳል። ይህን ሚዛን አልቀበለውም። ጎጃም ራሱ የተሻለ ሚዛን አለው፦ የውስጥ አርበኛ። ከተማ ተቀምጦ ወሬ ያቀበለ፣ ጥይትና መድኃኒት ያሾለከ ሰው፣ ተኩሶ ባያውቅም አርበኛ ተብሏል። ስንቅና መልእክት በምድር ሲሄድ አርበኝነት ከሆነ፣ በአየር ሲሄድ ስሙ የሚለወጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ አሜሪካ ሄደው የነበሩት ሮቢንሰን በ1936/37 ዓ.ም. ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠኑ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ደም ለማድረስ በተነሡበት በረራ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰ፤ መጋቢት 18 ቀን አረፉ። የተቀበሩት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።